መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ የሚጠፋባችሁ ለምንድን ነው?

ጥያቄው፦ «የሒሳብና የኦዲት ሥራ የምንሠራ ትንሽ ቢሮ ነን። 11 ኮምፒውተርና አንድ ሰርቨር አለን። የሒሳብ ፕሮግራማችን የፒችትሪው ዳታና የደንበኞች ፎልደር ሰርቨሩ ላይ ነው። ሠራተኛው በዶሜይን ነው የሚገባው፤ አድራሻ የሚያድለውም ሰርቨሩ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሦስት አራት ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን አላገኘሁም ይላሉ። ዛሬ እምቢ ያለው ነገ ይሠራል፣ ደህና የነበረው ደግሞ እምቢ ይላል። ኢንተርኔት ሁሉም ላይ አለ። ሰርቨሩን በቁጥሩ ፒንግ ሳደርገው (አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው) ይመልሳል። እምቢ ያለው ኮምፒውተር አድራሻው 192.168.0.104 ነው፤ የሰርቨሩ 192.168.1.10 ነው። አንደኛው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሰዓቱ ይዛባል፣ ፓስወርድም አይቀበልም። ባለፈው ወር ለእንግዶች ብለን ዋይፋይ ራውተር ጨምረናል፤ አንዱ ገመዱ ሞደሙ ላይ፣ አንዱ ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘው ስዊች ላይ ተሰክቷል። ያየው ባለሙያ ሰርቨሩ ፎርማት ይደረግ ብሏል። ጥቅምት 30 ደርሶብናል። ምን ይሻላል?»

ምላሽ፦

ሰርቨሩን ፎርማት እንዳታደርጉት። ይህን ከሁሉም አስቀድሜ የምለው አንዴ ከተጀመረ መመለሻ ስለሌለው ነው። እናንተ ዘንድ ሰርቨሩ ከፋይል ማስቀመጫም በላይ ነው። የሠራተኛው ስምና ፓስወርድ፣ ማን የትኛውን ፎልደር መክፈት እንደሚችል፣ የኮምፒውተሮቹ ሁሉ ምዝገባ እዚያ ነው ያለው፤ ዶሜይን የሚባለውም ይኸው ነው። እሱ ሲጠፋ 11ዱንም ኮምፒውተር አንድ በአንድ ወደ አዲስ ዶሜይን ማስገባት ይመጣል። ፒችትሪውን እንደገና መጫን፣ ፈቃዱን ማስገባት፣ ዳታውን መመለስ ይከተላል። ባክአፑ ደህና ካልሆነ ደግሞ የደንበኞቻችሁ የዓመት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ሒሳባቸውን ይዘው ደጃችሁ ላይ በቆሙበት ሰሞን ነው። ከዚያ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ችግሩም እንደነበረ ይቀጥላል። ምክንያቱ ሰርቨሩ ውስጥ አይደለምና።

ምን አይቼ ነው እንዲህ በድፍረት የምለው? መልሱን ራስዎ ጽፈውልኛል። ሦስቱ ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን አላገኘንም ሲሉ የቀሩት ስምንቱ በዚያው ሰዓት በዚያው ሰርቨር ላይ እየሠሩ ነው። የሞተ ሰርቨር ለስምንት ሰው አያገለግልም። ሁለተኛ፣ ብልሽቱ ይዞራል። ትናንት የነዚያ ኮምፒውተሮች ነበር፣ ዛሬ የእነዚህ ሆነ። ኮምፒውተሩ ራሱ ቢበላሽ ኖሮ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቆይ ነበር። ስለዚህ በደሉ ከሰርቨሩም ከኮምፒውተሮቹም ሳይሆን መሀል ካለው ነገር ነው። በትንሽ ቢሮ ኔትወርክ ላይ ማንኛውም ነገር እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው፦ አንድ ሰው ላይ ነው? የተወሰኑት ላይ ነው? ወይስ ሁሉም ላይ? አንድ ሰው ላይ ከሆነ ወደዚያ ሰው ኮምፒውተርና ገመድ ይኬዳል። ሁሉም ላይ ከሆነ ወደ ሰርቨሩና ወደ ስዊቹ። የተወሰኑት ላይ ሆኖ እየተቀያየረ ከሄደ ደግሞ የአድራሻ ነገር መሆኑን መጠርጠር ነው።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይዩአቸው። ሰርቨሩ 192.168.1.10፣ እምቢ ያለው ኮምፒውተር 192.168.0.104። በቢሮ ኔትወርክ ላይ በተለመደው አሠራር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ሰፈሩን ይናገራሉ፣ የመጨረሻው ደግሞ የቤት ቁጥሩን። አንዱ 1 ላይ ነው፣ ሌላው 0 ላይ። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ስዊች ላይ ተሰክተው፣ ሁለት የተለያየ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ታዲያ ኮምፒውተሩ ይህን 0 ያለበትን አድራሻ ከየት አመጣው? ሰርቨራችሁ የሚያድለው 1 ያለበትን ብቻ ነው። ሌላ የሚያድል አለ ማለት ነው። እሱም ለእንግዶች ብላችሁ የጨመራችሁት ዋይፋይ ራውተር ነው። ብዙዎቹ የገበያ ራውተሮች ከካርቶናቸው ሲወጡ አድራሻ ማደል የተከፈተላቸው ናቸው። አብዛኞቹም የራሳቸውን አድራሻ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 አድርገው ነው የሚመጡት። የራውተሩ የላን (የውስጥ ኔትወርክ) ቀዳዳ ከቢሮው ስዊች ጋር በገመድ ሲገናኝ፣ ራውተሩ ለስልኮቹ ብቻ መስጠት የነበረበትን አድራሻ ለቢሮው ኮምፒውተሮችም ማደል ይጀምራል። ባንክ ቤት በር ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ የተለያየ ተራ ቁጥር ቢያድሉ የሚፈጠረውን ትርምስ ያስቡት።

መብራት ሲሄድ ለምን ይብስበታል? ይህ ጥያቄ እኔን ሁልጊዜ ያስደስተኛል፣ ምክንያቱም መልሱ ግልጽ ነው፤ ሰው ግን ሁሌ በኤሌክትሪኩ ያመካኛል። በአዘቦት ቀን ኮምፒውተር የያዘውን አድራሻ ከሰጠው ከራሱ ከሰርቨሩ ጋር ነው የሚያድሰው፤ ራውተሩ ጣልቃ አይገባም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል። ትንሿ ራውተር በአንድ ደቂቃ አካባቢ ትደርሳለች። ሰርቨሩ ደግሞ ሜሞሪውን ይፈትሻል፣ ዲስኮቹን ያስነሳል፣ ዊንዶውሱን ይከፍታል፣ ከዚያ ሰርቪሶቹን አንድ በአንድ ይጀምራል። ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚያ መሀል የተከፈቱት ኮምፒውተሮች «አድራሻ ስጡኝ» ብለው ይጮኻሉ። የምትመልስላቸው ራውተሯ ናት። ዘግየት ብለው የተከፈቱት ደግሞ ሰርቨሩን ተነስቶ ያገኙታል። ማን መቼ ቁልፉን እንደተጫነ ነው ዕጣውን የሚወስነው። ለዚህ ነው ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው የሚሆነው። ምናልባት ማልደው የሚገቡት ሠራተኞች ናቸው በብዛት የሚቸገሩት፤ እስቲ ያስተውሉት።

እርስዎንም ባለሙያውንም ያሳሳተው ግን ኢንተርኔቱና ፒንጉ ነው። «ኢንተርኔት አለ፣ ፒንግም ይመልሳል፣ ስለዚህ ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ሰርቨሩ ነው የታመመው» ይባላል። ልክ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ራውተሩ በአንድ ገመድ ሞደሙ ላይ ስለተሰካ የያዛቸውን ኮምፒውተሮች ወደ ኢንተርኔት ያወጣቸዋል። በዚያው መንገድ ወደ 192.168.1.10ም ያሻግራቸዋል። ፒንጉ የሚመልሰው ዞሮ በራውተሩ በኩል ስለሚሄድ ነው። ሠራተኛው ግን ሰርቨሩን በቁጥር አይጠራውም፤ በስም ነው የሚጠራው። የፒችትሪው ዳታ ያለበት ድራይቭም የተያያዘው በሰርቨሩ ስም ነው። ዶሜይኑም የሚፈለገው በስም ነው። ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት ሲሆን የቢሯችሁን ስሞች የሚያውቀው ሰርቨሩ ላይ ያለው ብቻ ነው። ራውተሩ ያደለው አድራሻ ግን «ስም ሲጠፋህ እኔን ጠይቀኝ» የሚል መመሪያ ይዞ ነው የሚመጣው። ራውተሩ ሲጠየቅ ጥያቄውን ወደ ውጭ፣ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው ይልከዋል። እዚያ የእናንተን ሰርቨር ስም የሚያውቅ የለም። አልፎ አልፎ ዊንዶውስ በሌላ ዘዴ ስሙን በአካባቢው ጮሆ ሊያገኘው ይችላል፤ ለዚህ ነው አንዳንዴ ፎልደሩ ተከፍቶ መልሶ የሚጠፋው።

ስለዚህ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በስምም ፒንግ ያድርጉት። በቁጥር መልሶ በስም እምቢ ካለ ሕመሙ የስም ነው፣ ሰርቨሩ አይነካም።

ይህን ሁሉ እኔን አምነው እንዲቀበሉት አልፈልግም፤ በዓይንዎ ይዩት። እምቢ ያለው ኮምፒውተር ላይ የትእዛዝ መስኮቱን፣ ሲኤምዲውን ይክፈቱ። አይፒኮንፊግ ብለው ክፍት ቦታ ይተዉና ስላሽ ኦል ብለው ይጻፉ። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ለዚህ ኮምፒውተር አድራሻ የሰጠው ማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። 192.168.0.1 የሚል ከሆነ ተያዘ። ያንኑ ትእዛዝ ደህና በሆነው ኮምፒውተር ላይ ይድገሙት፤ እዚያ 192.168.1.10 ማለት አለበት። ሁለቱንም በስልክ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ራውተሩን ከስዊቹ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ብቻ ይንቀሉ። ሌላ ምንም አይንኩ። እምቢ ባለው ኮምፒውተር ላይ አይፒኮንፊግ ስላሽ ሪሊዝ፣ ቀጥሎ አይፒኮንፊግ ስላሽ ሪንዩ ይበሉ። አድራሻው ወደ 192.168.1 ከተመለሰና ፒችትሪው ከተከፈተ የዚህ ወር ሥራችሁ ተረፈ ማለት ነው። ገመዱ ተነቅሎ ይቆይ።

አንድ ነገር ብቻ ነቅሎ አንድ ነገር ብቻ መሞከር ላይ አጥብቄ የማሳስበው አለኝ። ሰው ሲቸኩል ገመድ ይቀይራል፣ ራውተር ያጠፋል፣ ፋየርዎል ይዘጋል፣ ሰርቨሩን ሪስታርት ያደርጋል፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ ይሠራል። ምኑ እንዳሠራው ግን የሚያውቅ የለም፤ በሚቀጥለው ወር ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቢሮ ውስጥ የማየውን ሁለት መድኃኒት እንዳትወስዱ እለምናለሁ። አንደኛው በየኮምፒውተሩ ዲኤንኤስ ላይ 8.8.8.8 መጻፍ ነው። ለቤት ኢንተርኔት ጥሩ ነው። በዶሜይን ላይ ላለ ኮምፒውተር ግን ሰርቨሩን እንዲረሳ ማዘዝ ነው፤ የጉግል ዲኤንኤስ የእናንተን ሰርቨር ስም አያውቅም። «ሁለተኛው መስመር ላይ ብቻ ላስገባው» ማለትም አያዋጣም። ዊንዶውስ ወደ ሁለተኛው ከዞረ በኋላ እዚያው ሊቆይ ይችላል። የኮምፒውተሮቹ ዲኤንኤስ የሰርቨሩ ቁጥር ብቻ ይሁን። የውጭ ስሞችን ከውጭ ጠይቆ የሚያመጣው ሰርቨሩ ራሱ ነው፤ 8.8.8.8ን መጻፍ ከፈለጋችሁ እዚያ፣ ሰርቨሩ ዲኤንኤስ ውስጥ ፎርዋርደር በሚለው ቦታ ጻፉት። ሁለተኛው መድኃኒት ለ11ዱም ኮምፒውተር አድራሻ በእጅ መጻፍ ነው። ለጊዜው ይሠራል። ከዚያ አዲስ ላፕቶፕ ይመጣል፣ አንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ የአድራሻ ግጭት የሚል መልእክት ይወጣል፣ የጻፈውም ሰው ሥራ ለቋል። በእጅ የሚጻፈው የሰርቨሩ፣ የሞደሙ፣ የራውተሩና የፕሪንተሮቹ ይሁን። ሌላው ይታደል።

ሞደሙንም አይዝለሉት። ሞደሙ ሪሴት ሲደረግ ወይም በሌላ ሲቀየር የራሱ አድራሻ ማደያ መልሶ ይከፈታል። ይህኛው ከራውተሩ የባሰ ተንኮለኛ ነው። የሚሰጠው ቁጥር 192.168.1 ብሎ ሊጀምር ስለሚችል ትክክል ይመስላል፤ የተሳሳተው ዲኤንኤሱ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ከመፍረድ ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለውን መስመር ማየት የሚሻለው። ሞደሙ ውስጥ ገብታችሁ ዝጉት።

የራውተሩ ዘላቂ መፍትሔ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚወሰነውም ለማን እንደምትፈልጉት ነው። ዋይፋዩን የሚጠቀሙት የራሳችሁ ሠራተኞች ከሆኑ ራውተሩን አክሰስ ፖይንት በሚባለው አሠራር ላይ አድርጉት። ይህ ምርጫ ከሌለው አድራሻ ማደያውን ዝጉ፣ ለራሱ ከሚታደለው ክልል ውጭ የሆነ እንደ 192.168.1.2 ያለ ቁጥር ስጡት፣ ገመዱን ላን ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ ዋን የሚለውን (ወደ ሞደሙ የሚሄደውን) ባዶ ተዉት። ያኔ ራውተርነቱ ቀርቶ ሽቦ አልባ ስዊች ይሆናል።

እንግዶች ከሆኑ ግን ነገሩ ይለያል፣ እዚህ ላይ እኔ ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ። እናንተ የሰው ሒሳብ የያዛችሁ ቢሮ ናችሁ። አሁን ባለው አሰካክ አንድ እንግዳ በስልኩ ዋይፋይ ሲገባ ወደ ሰርቨራችሁ መድረስ ይችላል። የስዊቹን ገመድ ነቅላችሁ የሞደሙን ብቻ ብትተዉትም መንገዱ አልተዘጋም፤ እርስዎ ፒንግ ያደረጉት በዚያው መንገድ ነው። ትክክለኛው አሠራር ተገላቢጦሹ ነው። እንግዳው ከሞደሙ አጠገብ፣ ውጭው በር ላይ ይሁን። ቢሮው ደግሞ ከራሱ ራውተር ወይም ፋየርዎል ጀርባ ይግባ። ይህ የሰርቨሩን ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚወጣበትን በር) ምናልባትም አንዳንድ አድራሻዎችን ስለሚነካ ከጥቅምት 30 በኋላ፣ ሥራ በሌለበት ቅዳሜ ከሰዓት ይሠራ። እስከዚያ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሩና ለእንግዳ አትስጡ።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ቀን መታየቱ ነው ያደናገራችሁ። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ክብ፣ ሳንቲም የመሰለች ባትሪ አለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ስትደክም ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። ዶሜይን ደግሞ በሰዓት ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ፓስወርድ የሚያረጋግጠው ከርቤሮስ የሚባለው ሥርዓት በተለመደው አቀማመጡ በኮምፒውተሩና በሰርቨሩ መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካየ አይቀበልም። ፓስወርዱ ትክክል ቢሆንም እምቢ ይላል። ድረ ገጾች ሁሉ «ደህንነቱ አልተጠበቀም» ማለት ከጀመሩም ምክንያቱ ይኸው ቀን ነው።

ባትሪዋ ርካሽ ናት፣ ማንኛውም የኮምፒውተር መለዋወጫ ሱቅ ትገኛለች። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ቀይሯት፣ ቀኑን ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው ባዮስ አስተካክሉ። የሰዓት ክልሉን ሲያዩ አዲስ አበባ የሚል ከሌለ አይደናገሩ፤ ናይሮቢ የሚለው፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድመው የእኛ ነው። የሀበሻ ሰዓት እንዲያሳየው ብሎ በ6 ሰዓት ወደኋላ የመለሰ ሠራተኛ ካለም ያው ችግር ይመጣል። የሰርቨሩንም ሰዓት ይዩ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ሰዓት የሚቀዱት ከሱ ስለሆነ እሱ ከተሳሳተ ሁሉም አብሮ ይሳሳታል፣ የፒችትሪ ሰነዶች ቀንም ጭምር። ሰርቨሩ ራሱ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ይደረግ።

ሰዓቱ ተስተካክሎም ኮምፒውተሩ ከዶሜይኑ ጋር ያለኝ መተማመን ፈርሷል የሚል መልእክት ካወጣ፣ ይህ ሌላ ደረጃ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ከሰርቨሩ ጋር የሚተዋወቅበት ድብቅ ፓስወርድ አለው፤ በተለመደው አቀማመጥ በ30 ቀን አንዴ ይቀየራል። አንድ ሰው ያንን ኮምፒውተር ወደ አሮጌ ምስሉ መልሶት ከሆነ አሮጌው ፓስወርድ አብሮ ይመለሳል፣ ሰርቨሩም አያውቀውም። ከዶሜይን አውጥቶ መልሶ ማስገባት ያስተካክለዋል። ከማውጣታችሁ በፊት ግን የኮምፒውተሩን የራሱን አድሚን ፓስወርድ እንደምታውቁ አረጋግጡ። ሳያረጋግጡ ያወጡት ኮምፒውተር ደጅ ያስቀራል።

አሁን ሰርቨሩን ነጻ ካወጣሁት በኋላ ልመልስበት፣ ምክንያቱም ድንገተኛ መጥፋት ምንም ሳይጎዳው ይቀራል ብዬ አላምንም። የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ በሆነው ኢቨንት ቪወር ውስጥ ሲስተም የሚለውን ይክፈቱ። 41 እና 6008 የሚሉ ቁጥሮች በድንገት እንደጠፋ ይመሰክራሉ፤ ይህን እናውቃለን። የሚያሳስበኝ ዲስክ ከሚል ምንጭ የሚመጣ 7 ወይም 153፣ ከኤንቲኤፍኤስ የሚመጣ 55 ነው። 7 ዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታ አለ ማለት ነው። 55 የፋይሎቹ አደረጃጀት ተናግቷል ይላል። እነዚህን ካዩ ምንም ዓይነት ጥገና ከመጀመሩ በፊት ዳታው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። የሰርቨሩን ፊትም ይመልከቱ። ዲስኮቹ ላይ ብርቱካናማ መብራት ካለ አንዱ ሞቶ በቀሪዎቹ እየሠራችሁ ይሆናል። ሬድ፣ ዳታውን በብዙ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው አሠራር፣ የሚያድናችሁ አንድ ዲስክ ሲሞት ነው፤ የተሰረዘ ፋይል ወይም ቫይረስ የቆለፈው ፎልደር ላይ አይደርስላችሁም።

አንድ ቀን ደግሞ ከመብራት በኋላ 11ዱም ኮምፒውተሮች በአንድ ላይ ሰርቨሩን ካጡት የምነግራችሁ ሌላ ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ አንዳንዴ የቢሮውን ኔትወርክ ፐብሊክ ብሎ ይይዘዋል፣ ፋየርዎሉም በሩን ይዘጋል። የኔትወርክ ካርዱን ዲሴብል አድርጎ መልሶ ኢኔብል ማድረግ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ፎልደሩ ተከፍቶ ፒችትሪው ብቻ በሁሉም ላይ እምቢ ካለ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ሰርቪሶች ውስጥ ገብተው ፐርቫሲቭ የሚለው መነሳቱን ይዩ። ፒችትሪ ዳታውን የሚያነበውና የሚጽፈው በሱ በኩል ነው። እሱ ካልተነሳ ፕሮግራሙ ሰው ሁሉ ላይ ይዘጋል፣ ዳታው ግን በቦታው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው። ብዙ ቢሮ ሰርቨሩን ዩፒኤስ ላይ ይሰካና ስዊቹን ግድግዳ ላይ ይተወዋል። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ በሕይወት ይኖራል፣ ስዊቹ ይሞታል። ፖስት እየተደረገ የነበረ ሰነድ መሀል ላይ ይቆረጣል። የፒችትሪ ዳታ የሚበላሸው በእንዲህ ያለው ቅጽበት ነው። ስዊች በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው የሚበላው፤ ከሰርቨሩ ጋር እዚያው ሰኩት። በዚሁ ምክንያት ፒችትሪን በዋይፋይ አትክፈቱ፤ ላፕቶፕ ቢሆንም ገመድ ይሰካ። ሌዘር ፕሪንተር ደግሞ በጭራሽ ዩፒኤስ ላይ አይሰካ። ማሞቂያው ሲነሳ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ያስጮኸዋል፣ አንዳንዴም ያጠፋዋል።

ዩፒኤሱ ከሰርቨሩ ጋር በዩኤስቢ ገመድ ይገናኝ፣ ፕሮግራሙ ይጫን። ያኔ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት ያጠፋል። በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ያ ገመድ በብዙ ቢሮ ሳይወጣ ይቀራል፤ ፈልጉት። የዩፒኤስ ባትሪም ያረጃል፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው ዕድሜው፣ ሙቀት ባለበት ክፍል ያንሳል። መብራት ሲመለስም ቅደም ተከተል ይኑር። ስዊቹና ሰርቨሩ ይነሱ፤ የሰርቨሩ መግቢያ ገጽ እስኪወጣና ሰርቪሶቹ እስኪጀምሩ ትንሽ ይጠበቅ፤ ከዚያ ኮምፒውተሮቹ ይከፈቱ።

ባክአፕ ዛሬ ማታ ውሰዱ፣ ገመዱን ከመንቀላችሁም በፊት። ከፒችትሪው ውስጥ የእያንዳንዱን ደንበኛ ባክአፕ፣ ፒቲቢ በሚለው ፋይል፣ አውጡ። ሁሉም ሰው ከፕሮግራሙ ከወጣና ፐርቫሲቭ ከቆመ በኋላ ደግሞ የዳታ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ። ዲስኩ ሲያበቃ ይነቀል፤ ተሰክቶ የሚያድር ዲስክን የቆላፊ ቫይረስ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይቆልፈዋል። ከደንበኞቹ አንዱን ደግሞ በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ እንደ አዲስ ድርጅት አድርጋችሁ መልሱት። ተከፍቶ ሒሳቡ ከታየ ባክአፕ አላችሁ።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ቢሮዎችም አንድ ነገር ልጨምር። ሰርቨር የምትሉት ተራ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የተጫነበት ኮምፒውተር ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ግንኙነት አያስተናግድም፤ ጠዋት ቀድሞ የገባ ይሠራል፣ ዘግይቶ የመጣ ይቀራል። አዲስ የተገዛ፣ 24ኤች2 የተባለው ዊንዶውስ 11 ያለበት ላፕቶፕ ብቻ ፎልደሩን አልከፍት ካለ ደግሞ ምክንያቱ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን ስለሚከለክል ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ፎልደሩ ባለበት ማሽን ላይ ስምና ፓስወርድ መፍጠር ነው። ክልከላውን ማጥፋት አልመክርም።

ፎርማት ይደረግ ያላችሁን ባለሙያ ሳታስቀይሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ሰርቨሩ ላይ ምን አይተህ ነው?» የዲስክ ስህተት፣ ቫይረስ፣ የተበላሸ የሲስተም ፋይል ካሳያችሁ «ልክ ነህ» በሉት፤ እኔም ሐሳቤን እቀይራለሁ። «ብዙ ጊዜ ፎርማት ሲደረግ ይስተካከላል» ካለ ግን አይበቃም።

የስዊቹን ገመድ ነቅላችሁ ችግሩ ካልቆመ እነዚህን ይላኩልኝ፦ ደህና ከሆነውና እምቢ ካለው ኮምፒውተር የአይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል ውጤት፣ ሰርቨሩን በስምም በቁጥርም ፒንግ ያደረጉበትን ምስል፣ የወጣውን የስህተት መልእክት ሙሉ ፎቶና ስህተቱ የወጣበትን ሰዓት። ፓስወርድ ግን ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን አይላኩ።